ሽቦው ከመሸፈኑ በፊት፦ የ"ቅጥቅጥ" አውቶቡስ የኤሌክትሪክና የውስጥ ሥራ ምን መምሰል አለበት?

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ዛሪማና አዲአርቃይ የሚጓዝ ሰው በመናኸሪያ ከሚያገኛቸው የሕዝብ ማመላለሻዎች አንዱ በተለምዶ "ቅጥቅጥ" እየተባለ የሚጠራው ነው። ስሙ አሠራሩን ይናገራል። ለጭነት የተሠራ ሻንሲ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአይሱዙ ኤንፒአር ወይም ኤፍኤስአር፣ ወደ አገር ውስጥ ጋራዥ ይገባል። የብረት አጽም ይበየድለታል፤ ላሜራ እየተቀጠቀጠ ይለብሳል፤ መስኮት፣ ወንበር፣ መብራትና ፖርቶ መጋላ ይገጠምለታል። ከፋብሪካ የመጣው ሞተሩ፣ ማርሹ፣ ፍሬኑና የፊት ክፍሉ ሲሆን ተሳፋሪው የሚቀመጥበት ቤት ግን የበያጁ፣ የአውቶ ኤሌክትሪሽያኑና የወንበር ሠሪው የእጅ ሥራ ነው።

ይህ ሙያ ለአገሪቱ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። የተሟላ አውቶቡስ ለመግዛት አቅም ያልነበራቸው ባለንብረቶች መኪና እንዲኖራቸው፣ አርሶ አደሩም ገብሱንና ባቄላውን ይዞ ገበያ እንዲደርስ፣ በሽተኛውም ሐኪም ቤት እንዲገባ አስችሏል። ይሁን እንጂ የተሽከርካሪው ጥንካሬ በቀለሙና በወንበሩ ልብስ አይለካም። ትልቁ ጉዳይ ያለው የግድግዳው መሸፈኛ ከተገጠመ በኋላ ማንም በማያየው ቦታ ነው። ስለዚህ መኪና የሚያሠራ ባለንብረት ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው ቀዳሚ ነገር የኤሌክትሪክ መስመሩ የሚመረመረው ከመሸፈኑ በፊት መሆኑን ነው። ከተሸፈነ በኋላ የሚደረግ ምርመራ መብራቱ መብራቱን እንጂ ሽቦው እንዴት እንደተዘረጋ አያሳይም።

የሊማሊሞ መንገድ የሚጠይቀው

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ ናት። ዛሪማ ደግሞ ከሊማሊሞ ግርጌ በቆላው የምትገኝ ሞቃታማ ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,000 ሜትር በላይ ሲሆን ይህን ቁልቁለት የሚያስወርደው ጠመዝማዛው የሊማሊሞ መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው። የጋራዥ ቋንቋችንም ከጣሊያንኛ ብዙ ወርሷል፤ ላሜራ፣ ፍሬቻ፣ ሞተሪኖ፣ ናስትሮ፣ ዳዶ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው።

በዚህ መንገድ ላይ ኤሌክትሪክ የመብራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሾፌሮች ቁልቁለት ሲወርዱ እግር ፍሬኑ እንዳይግል የሚረዳቸው የጭስ ማውጫውን በመዝጋት ሞተሩን የሚያከብደው የሞተር ፍሬን ነው። በአይሱዙ የጭነት መኪናዎች ይህ ፍሬን የሚታዘዘው በኤሌክትሪክ ማብሪያና በኤሌክትሪክ በሚከፈት ቫልቭ ነው። አንድ ሽቦ ቢላላ ወይም ፊውዙ ቢቃጠል የሞተር ፍሬኑ ሥራውን ያቆማል፤ ሸክሙም በሙሉ በእግር ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። እግር ፍሬን ደግሞ በረጅም ቁልቁለት ያለማቋረጥ ሲረገጥ ይግላል፤ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ክረምት በገባ ጊዜ ጉም መንገዱን ሲሸፍነው የኋላ መብራትና የፍሬን መብራት አለመብራታቸው ከኋላ ለሚመጣው ተሽከርካሪ ሌላ አደጋ ነው።

ስለዚህ የአካል ግንባታው ኤሌክትሪሽያን ሊጠብቀው የሚገባው የመጀመሪያ ሕግ ከፋብሪካው የመጣውን የሽቦ መስመር አለመቁረጥና አለመቀጠል ነው። ለተሳፋሪው ክፍል የሚያስፈልገው መብራት፣ ቴፕና የስልክ መሙያ ሁሉ የራሱ የተለየ መስመር፣ የራሱ የፊውዝ ሳጥንና የራሱ ማጥፊያ ሊኖረው ይገባል። የተሳፋሪው ክፍል መስመር ቢበላሽ የፊት መብራቱ፣ የሞተር ፍሬኑና የአየር ግፊት ማስጠንቀቂያው አብረው መጥፋት የለባቸውም።

ከመሐል የሚቀዳ 12 ቮልት

እነዚህ የጭነት ሻንሲዎች የሚሠሩት በ24 ቮልት ነው። ኃይሉ የሚገኘው ባለ 12 ቮልት የሆኑ ሁለት ባትሪዎችን በተከታታይ በማሠር ነው። በገበያ የሚገኙት ብዙዎቹ ቴፖች፣ ማጉያዎችና የስልክ መሙያዎች ግን ለ12 ቮልት የተሠሩ ናቸው። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሠራተኞች አቋራጭ መንገድ ይይዛሉ፤ ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱን ብቻ መርጠው ከመሐል 12 ቮልት ይቀዳሉ።

ይህ አሠራር ሁለቱንም ባትሪዎች ይጎዳል። ዳይናሞው ኃይል የሚሰጠው ለሁለቱ በአንድነት ነው። ከአንዱ ብቻ ሲቀዳ ያ ባትሪ ሁልጊዜ ጎደሎ ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ ከመጠን በላይ እየተሞላ ውኃውን ያተናል። ባለንብረቱም የባትሪው ጥራት መጥፎ እንደሆነ አስቦ ባትሪ ይለውጣል፤ አዲሱም እንደ ቀድሞው ይሆናል። ትክክለኛው መፍትሔ 24 ቮልቱን ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ መሣሪያ፣ በገበያ "ኮንቨርተር" የሚባለውን፣ ገዝቶ ማስገጠም ነው። ዋጋው ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ራሱን ይመልሳል።

የኃይል ፍጆታውን ማስላትም ከባድ አይደለም። ዋቱን ለቮልቱ ማካፈል አምፔሩን ይሰጣል። አሥር የውስጥ መብራቶች እያንዳንዳቸው 5 ዋት ቢሆኑ በድምሩ 50 ዋት ነው። ቴፕና ማጉያ 100 ዋት፣ ሃያ የስልክ መሙያዎች እያንዳንዳቸው 10 ዋት ቢወስዱ 200 ዋት ይሆናል። ድምሩ 350 ዋት ሲሆን ለ24 ሲካፈል ወደ 15 አምፔር ይጠጋል። ባትሪዎቹ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ቢሆኑ ሞተሩ ጠፍቶ ይህ ሁሉ ሲሠራ ከሦስት ሰዓት ጥቂት አልፎ ግማሽ ኃይላቸው ያልቃል። በደባርቅ ብርድ አድሮ ንጋት ላይ የሚነሣ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ከወትሮው የበለጠ የማስነሻ ኃይል ይፈልጋል፤ ባትሪውም በብርድ ይደክማል። ማታ በመናኸሪያ ሙዚቃ ሲያሰማ ያመሸ መኪና ጠዋት ተሳፋሪ እንዲገፋው የሚለምነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሽቦ ውፍረት

ቀጭን ሽቦ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ ይሞቃል፤ ሁለተኛ ቮልት ይበላል። ከፊት የፊውዝ ሳጥን እስከ ኋላ መብራት በግድግዳው ዙሪያ የሚሄደው ሽቦ 10 ሜትር ቢሆን፣ የመመለሻው ሽቦም ሌላ 10 ሜትር ቢሆን፣ የኋላ መብራቶቹ በአንድ ላይ ሲበሩ 5 አምፔር ቢስቡ፣ ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ ላይ 2.3 ቮልት ያህል ይጠፋል። ሽቦው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚጠፋው 0.7 ቮልት ብቻ ነው።

2.3 ቮልት ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከ24 ቮልት አንድ አሥረኛው ገደማ ነው፤ በክር የሚሠራ አምፖል ደግሞ ቮልቱ በአንድ አሥረኛ ሲቀንስ ብርሃኑ ከሩብ በላይ ይቀንሳል። አዲስ አምፖል ቢገዛለትም ብርሃኑ አይመለስም፤ ጉድለቱ ያለው በአምፖሉ ላይ አይደለምና። ከዚህ በተጨማሪ ለቤት ግድግዳ የሚያገለግለው አንድ ወጥ የሆነ ደረቅ ሽቦ ለመኪና አይሆንም። በመንገድ ንቅናቄ እየታጠፈ ውሎ አድሮ ይሰበራል። ለመኪና የሚያገለግለው ከብዙ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች የተገመደው ተጣጣፊ ሽቦ ነው። በአሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ርካሽ ሽቦም በገበያ ስለሚገኝ ገዢው የሽቦውን ጫፍ በቢላዋ ፍቆ ውስጡ ነጭ መሆኑን ማየት ይችላል፤ ነጭ ከሆነና በቀላሉ ከተሰበረ ንጹሕ መዳብ አይደለም።

ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው

ብዙ ሰው ፊውዝ መብራቱን ወይም ቴፑን የሚጠብቅ ይመስለዋል። የፊውዝ ዋና ተግባር ሽቦው እንዳይነድ መጠበቅ ነው። ስለዚህ የፊውዙ መጠን የሚወሰነው በሽቦው ውፍረት ነው። የተለመዱት ባለ ምላስ ፊውዞች በቀለማቸው ይለያሉ፤ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ ቀለም የሌለው 25፣ አረንጓዴው 30 አምፔር ነው። በ15 አምፔር ሊጠበቅ የሚገባው መስመር ላይ አረንጓዴ ፊውዝ ቢሰካ መብራቱ ይሠራል፤ ጥበቃው ግን የለም።

ከዚህ የባሰው የተቃጠለውን ፊውዝ በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ወይም በሽቦ ክር መተካት ነው። ፊውዝ ሲቃጠል አንድ ነገር እየተናገረ ነው፤ በመስመሩ ላይ አንድ ቦታ ሽቦው ተልጦ ብረት ነክቷል ወይም ጭነቱ በዝቷል። ምክንያቱ ሳይታወቅ በሌላ ብረት ሲተካ የሚነደው ሽቦው ይሆናል፤ ሽቦው ደግሞ ያለው ከኮምፐርሳቶና ከስፖንጅ ጎን ነው።

ከባትሪው ወደ ተሳፋሪው ክፍል የሚሄደው ዋናው ሽቦ የመጀመሪያ ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ መሆን አለበት። ፊውዙ ከሽቦው ማዶ ጫፍ ከሆነ በመካከል ያለው ሽቦ ሁሉ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ባትሪውን በአንድ እጅ እንቅስቃሴ የሚለይ ዋና ማጥፊያም ሾፌሩ በቶሎ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ቢገጠም ጭስ በታየ ጊዜ ነፍስ ያድናል።

ሽቦው የሚያልፍበት መንገድ

ሽቦ በላሜራ ቀዳዳ ሲያልፍ የቀዳዳው ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው። መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ልባሱን ይፍቀዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቀዳዳ የካውቾ ቀለበት መግባት አለበት። መስመሩ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ገብቶ በየአንድ ስንዝር ተኩል ገደማ ከአጽሙ ጋር መታሰር ይኖርበታል። ከነዳጅ ቱቦ፣ ከፍሬን ቱቦና ከጭስ ማውጫ ሊርቅ ይገባል። ቅጥያም በተቻለ መጠን ባይኖር ይመረጣል፤ ካለም በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ መሆን የለበትም። የናስትሮ ማጣበቂያ በዛሪማ ሙቀት ይቀልጣል፤ አቧራ ሲገባበትም ይላቀቃል። በመጭመቂያ የተያዘ ወይም የተበየደ ቅጥያ በሙቀት በሚሸበሸብ ልባስ ተሸፍኖ በሚታይ ቦታ ሊቀመጥ ይገባዋል።

የግራውንድ ነገር በተለይ ይዘነጋል። ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ኔጋቲቭ ሽቦ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ቢታሰር በደንብ አይነካም። ቀለሙ ተፍቆ፣ ብረቱ ጸድቶ፣ በብሎንና በሮንዴላ ከተጠበቀ በኋላ ዝገት እንዳይዘው ቅባት ይቀባል። ፍሬቻ ሲበራ የፍሬን መብራት አብሮ የሚርገበገብበት መኪና ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የግራውንድ መላላት ነው።

ብየዳም ከሽቦ ሥራ ጋር ይጋጫል። በመኪናው አካል ላይ ብየዳ ከመሠራቱ በፊት የባትሪው ሽቦ መፈታት አለበት። የብየዳው መመለሻ መቆንጠጫም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ካልታሰረ የብየዳው ኃይል በዳይናሞው ውስጥ አልፎ ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ብየዳው በሙሉ ይጠናቀቃል፣ የዝገት መከላከያ ይቀባል፣ ከዚያ ሽቦው ይዘረጋል፣ ይመረመራል፣ በመጨረሻም ይሸፈናል።

ለገጠሩ መስመር የተለየ አንድ ጠላትም አለ፤ እርሱም አይጥ ነው። ከጤፍ ከረጢት የፈሰሰ ፍሬ በወለል ስንጥቅ ውስጥ ሲከማች አይጥ ይስባል፤ አይጥም የሽቦ ልባስ ይቆረጥማል። ወለሉ ስንጥቅ የሌለው፣ ሊጠረግና ሊታጠብ የሚችል፣ ሽቦውም ከወለል ከፍ ብሎ በግድግዳና በጣሪያ ጠርዝ የሚሄድ መሆኑ ለዚህ ይጠቅማል።

ወንበርና ስፖንጅ

የወንበር ውበት በልብሱ ነው፤ የወንበር ጥንካሬ ግን በእግሩ ነው። መኪና በድንገት ሲቆም ተሳፋሪው ወደ ፊት የሚወረወርበት ኃይል ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ነው፤ ያን ኃይል የሚሸከመው የወንበሩ ማሰሪያ ነው። በኮምፐርሳቶ ወለል ላይ በቪቴ ብቻ የተያዘ ወንበር በግጭት ጊዜ ከነተሳፋሪው ይነቀላል። ትክክለኛው አሠራር ብሎኑ ወለሉን በስቶ ወደ ብረት አጽሙ ተሻጋሪ ዘንግ ማለፍ፣ ከሥር ወፍራም የብረት ሰሌዳና ዳዶ ማግኘት ነው። ወንበር በተደረደረ ቁጥር የጉልበት ቦታ ይጠባል፤ ተጨማሪ አንድ ረድፍ ማስገባት ከፈቃዱ ውጭ ሰው መጫን ከመሆኑ ሌላ የመውጫ መንገድን ይዘጋል።

ስፖንጅ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ለወንበር የሚያገለግለው የተለመደው ስፖንጅ በእሳት ከተያዘ በደቂቃዎች ውስጥ ይነዳል፤ ጭሱም መርዛማ ነው። በብዙ የመኪና ቃጠሎዎች ሰው ቀድሞ የሚጎዳው በነበልባሉ ሳይሆን በጭሱ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 118 መሠረት ለአውቶቡስ ውስጥ የሚውል ቁስ በአግድም ሲቃጠል እሳቱ በደቂቃ ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ መሄድ የለበትም። ባለንብረቱ ይህን በቤተ ሙከራ ባያረጋግጥም ግምት የሚሰጥ ቀላል ዘዴ አለ። ከልብሱና ከስፖንጁ ሁለት ስንዝር የሚረዝም ቁራጭ ቆርጦ፣ ከቤትና ከመኪና ርቆ፣ ውኃ አዘጋጅቶ፣ በሽቦ አግድም ይዞ አንዱን ጫፍ መለኮስ ነው። እሳቱ ራሱ ቢጠፋ ወይም ቀስ ብሎ ቢሄድ የተሻለ ነው፤ እየተንጠባጠበ ቁራጩን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከጨረሰው ያን ቁስ በመኪና ውስጥ ማስገባት አይገባም።

በር፣ መስኮትና የእሳት ማጥፊያ

የመጨረሻው ጉዳይ መውጫ ነው። መኪናው በበሩ በኩል ቢወድቅ በሩ አይከፈትም። ስለዚህ በተቃራኒው ጎን ወይም በኋላ የአደጋ ጊዜ መውጫ፣ መስታወት መስበሪያ መዶሻና ደረቅ ዱቄት ያለው የእሳት ማጥፊያ ያስፈልጋል። ማጥፊያው ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ የሚቀመጥ፣ የግፊት መለኪያው ቀስት በአረንጓዴው ክልል ያለ መሆን አለበት። መስኮት ላይ የሚበየድ የብረት ፍርግርግ ከሌባ ሲከላከል ተሳፋሪውን ያስራል። በመተላለፊያው ላይ የሚደረደር ከረጢትና ጀሪካንም እንዲሁ ነው። ፖርቶ መጋላ ላይ የሚጫን ከባድ ጭነት ደግሞ የመኪናውን ክብደት ወደ ላይ ስለሚያነሣው በሊማሊሞ ኩርባዎች የመገልበጥ አደጋውን ይጨምራል።

ባለንብረቱ ምን ይጠይቅ?

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ማለፍ ይኖርበታል። ሆኖም መርማሪ ግድግዳ ፈትቶ ሽቦ አያይም። ከገብስና ከከብት ሽያጭ ገንዘብ አዋጥተው መኪና የሚያሠሩ ቤተሰቦች ከጋራዡ ጋር ውል ሲገቡ ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ቢያስገቡ ይጠቀማሉ። አንደኛ፣ መሸፈኛው ከመገጠሙ በፊት ሥራው ለባለንብረቱና እርሱ ለመረጠው ሌላ ኤሌክትሪሽያን እንዲታይ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሽቦ ቀለሙ፣ ውፍረቱ፣ ፊውዙና መድረሻው የተጻፈበት የመስመር ካርታ እንዲሰጥ። ሦስተኛ፣ የመጨረሻው ክፍያ ይህ ከተፈጸመ በኋላ እንዲሆን። መሸፈኛው ከመዘጋቱ በፊት ግድግዳውን በሙሉ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ምንም ወጪ የለውም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ መኪናው ዛሪማ ላይ ቢበላሽ የአካባቢው ሠራተኛ ግድግዳውን ሁሉ ሳይፈታ ችግሩን እንዲያገኝ ይረዳዋል።

ለወደፊቱም አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ተገቢ ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች እየበዙ ነው። በእነዚህ ውስጥ ብርቱካናማ ልባስ ያላቸው ሽቦዎች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከማሉ። በ24 ቮልት የለመደ እጅ እነዚህን ያለ ልዩ ሥልጠናና ያለ መከላከያ ጓንት መንካት የለበትም።

ተሳፋሪው ምን ይይ?

ተሳፋሪ ግድግዳ አይፈታም፤ ግን ከመሳፈሩ በፊት በአንድ ደቂቃ የሚያያቸው ነገሮች አሉ። የኋላ መብራቶቹ በእኩል ብርሃን ይበራሉ? ወንበሩ በእጅ ሲገፋ ይነቃነቃል? የተላጠ ሽቦ ተንጠልጥሏል? የእሳት ማጥፊያው በቦታው አለ? መተላለፊያው ክፍት ነው? በጉዞ ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከመጣ ሳያፍሩ ለረዳቱና ለሾፌሩ ወዲያው መናገር፣ መኪናውም በአስተማማኝ ቦታ ቆሞ ዋናው ማጥፊያ እንዲጠፋ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሽቦ ቃጠሎ ከነበልባሉ በፊት ሽታውን ይልካል፤ በዚያች አጭር ጊዜ የተናገረ ሰው ራሱንም ጎረቤቱንም ያተርፋል።